ከእርሳስ እስከ ደንበኛው ጠረጴዛ

እህቴ፣ ኢሉስትሬተር የተባለውን የኮምፒውተር መሣያ ፕሮግራም በደንብ እንደምትችዪ፣ ቡና ቆልተው ለሚሸጡ ሰው ስድስት አርማ ሠርተሽ አንዱንም እንዳልወደዱት ጽፈሽ፣ ከመጀመሪያው ንድፍ እስከ ማቅረቡ እንዴት እንደምንሠራ ጠይቀሻል። እኔ ችግሩ የአርማዎቹ ብዛት ይመስለኛል። ስድስት የቀረበለት ሰው አይመርጥም፤ የአንዱን ቅርጽ ከሌላው ፊደል ጋር አዳቅዪልኝ ይላል።

እርሳስ ከማንሳትሽ በፊት ጠይቂ። ገዢያቸው ማን ነው? አርማው መጀመሪያ የሚያርፈው ከረጢት ላይ ነው ወይስ ታፔላ ላይ? የመጨረሻውን ውሳኔ የሚሰጠውስ ማን ነው? ይህችን ያልጠየቀ ዲዛይነር በማቅረቢያው ቀን የባለቤቱን አማችና የሒሳብ ሠራተኛውን ጭምር ተሰብስበው ያገኛቸዋል።

ወረቀት ላይ ቀድመው የሚመጡት ጀበና፣ የቡና ፍሬና እንፋሎት ናቸው። ሳዪያቸውና ገጹን ግለጪ፤ ካልወጡ መንገድ ይዘጋሉ። ቁም ነገሩ እነሱ ካለቁ በኋላ ይጀምራል። ለምሳሌ «ቡ»ን ደጋግመሽ ጻፊያት። ሁለት እግሮቿንና የጎኗን ጭረት ልብ ብለሽ ስታይ፣ ጆሮ ያለው ስኒ በአፉ የተደፋ ይመስላል። እርሳሱ አሁን ሥራ አገኘ፤ ትከሻዋ ምን ያህል ይክበብ? ጆሮዋ የት ይቀጠል? ወደ እግሯ ጫፍ ከወረደ «ቢ» ሆና ትነበባለች።

ኮምፒውተር የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው። ንድፉን ፎቶ አንስተሽ ከሥር አድርጊና በቬክተር፣ ማለትም ቢያሳንሱትም ቢያተልቁትም ጥራቱ በማይቀንስ የመስመር ሥዕል፣ ሥሪው፤ በጥቁር ብቻ፤ ቀለም የደካማ ቅርጽን ጉድ ይሸፍናል። ከዚያ በማኅተም ልክ አሳንሰሽ አትሚው። በአገራችን ድርጅት ያለ ማኅተም አይንቀሳቀስም፤ የተጠጋጉ ቀጫጭን መስመሮች ደግሞ ማኅተም ላይ በቀለም ይደፈናሉ።

አርማውን በቴሌግራም ልኮ መልስ መጠበቅን ተዪው። አሜሪካዊው የአርማ ዲዛይነር ፖል ራንድ እ.ኤ.አ. በ1986 ለስቲቭ ጆብስ የኮምፒውተር ኩባንያ ለኔክስት ያቀረበው አንድ አርማ ብቻ ነበር፤ 100,000 ዶላርም ተከፍሎታል። ነገር ግን ሐሳቡን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ ጥራዝ አብሮ ሰጥቷል። እኔ ያን ያህል ድፍረት ስለሌለኝ ሁለት ይዤ እሄዳለሁ። በመጀመሪያ ራሳቸው የነገሩሽን አንብቢላቸው። ቀጥለሽ አርማውን በጥቁር፣ ከዚያ ከረጢትና ታፔላ ላይ፣ ቀለሙን በመጨረሻ አሳዪ። «ወደዱት?» የሚለው ጥያቄ ለጣዕም ክርክር በር ይከፍታል፤ «የነገሩኝን ይናገራል?» በዪ። ዝም ካሉ አንቺም ዝም በዪ፤ እያዩ ነው። «ትንሽ ይጉላ» ካሉ የትኛው እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ጊዜ የፈለጉት ስማቸው እንዲጎላ ነው።

ከተስማሙ በኋላ የንግድ ምልክታቸውን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን እንዲያስመዘግቡ ምከሪያቸው። የቬክተሩን ፋይል፣ የጥቁርና ነጩን ቅጂና የቀለሞቹን መለያ ቁጥር አንድ ላይ አስረክቢ፤ ቀሪው ክፍያ ሲገባ ነው ታዲያ።