አውቃለሁ ባይ

ሰሞኑን አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ማኪያቶዬን ስጠጣ የጎረቤቴ ልጅ ለስኮላርሺፕ የምትልከውን ደብዳቤ ላፕቶፗ ላይ ከፍታ መጣችና «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ባይ (by) እና አንቲል (until) ልዩነታቸው ምንድነው? ሁለቱም እስከ ማለት አይደሉም እንዴ?» አለችኝ። ዞር ብዬ አየኋት። እሷ የሰዋስው ጥያቄ የጠየቀችኝ መስሏታል።

በነገራችን ላይ ባይ የምትለዋ የእንግሊዝኛ ቃል ትንሽ ናት ግን የማትገባበት የለም። በታክሲ መጣሁ ስትል እሷ ናት፣ በእገሌ ተጻፈ ስትል እሷ ናት፣ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ በል ስትል፣ በቃልህ ያዘው ስትል፣ ሶስት በአራት ፎቶ ስትል ያው እሷው ናት። ደሞዝ በ2000 ብር ጨመረ ሲባል ባይ ነው፣ ወደ 2000 አደገ ከሆነ ግን ቱ (to) ይሆናል፣ ይሄን የሚያምታታ ሰው ፋይናንስ ክፍል ባይመደብ ደስ ይለኛል። እነዚህ ሁሉ ችግር የለባቸውም፣ አማርኛችን አብዛኞቹን በ እያለ ይሸኛቸዋል። ጉዱ ያለው ጊዜ ላይ ነው። እኛ «እስከ አርብ እመልሳለሁ» እንላለን፣ «እስከ አርብ እጠብቃለሁ»ም እንላለን፣ ልዩነቱን የሚነግረን ግሱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ይለያቸዋል። አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ከሆነ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ አርብ ማለት ነውና ባይ፣ ሳይቋረጥ እስከዛ ቀን የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ አንቲል። ጀርመኖችም እንደኛ ናቸው፣ ቢስ የምትል አንዲት ቃል ሁለቱንም ትሸከምላቸዋለች (ስሟን ስሰማ ሁሌ ያስቀኛል፣ መላ ቢስ)።

አሁን ወደ ጉዳዬ። 1980 ዓ.ም. ነው፣ እኔ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ፣ ፒያሳ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት ውስጥ እሰራለሁ። ቤቷ አሁን የለችም፣ ፒያሳ በ2016 ሲፈርስ አብራ ሄደች። ኦሊቬቲ ታይፕራይተር ነበረችኝ፣ ኢ የምትለዋ ፊደል ወደ ላይ እየዘለለች አስቸግራኝ ነበር፣ አለቃችን ደግሞ ካርቦን ወረቀት በቁጥር ነው የሚሰጠን፣ እስኪነጣ ነበር የምንጠቀምበት። ሰፈሩ ውስጥ እንግሊዝኛ አዋቂው እየተባልኩ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር።

አንድ ቀን አንድ ዘበኛ አባት መጡ። ልጃቸውን እንግሊዝ አገር ያሉ አንዲት ሴትዮ የትምህርት ቤት ይከፍሉለታል፣ ስምንተኛ ሊገባ ነው። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ በርጩማዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ የመጪውን ዓመት የትምህርት ቤት ገንዘብ እስከ መስከረም እንፈልገዋለን በልልኝ» አሉኝ። እኔም ምንም ሳላስብ ቀጭ ቀጭ አድርጌ ዊ ኒድ ዘ መኒ አንቲል ሴፕቴምበር ብዬ መታሁት። የአምሳሉ አክሊሉ መዝገበ ቃላት ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር፣ አልገለጥኩትም። አውቃለሁ ባይ ነበርኩ! ሁለት ብር ከፈሉኝ፣ ደብዳቤውን በጉያቸው ይዘው ወደ ዋናው ፖስታ ቤት ቁልቁል ሄዱ።

መልሱ ከሁለት ወር ምናምን በኋላ መጣ። ፖስታውን ሳይከፍቱት ነው ያመጡልኝ፣ አንተ ክፈተው ብለው። ሰማያዊ ስስ ወረቀት፣ የእጅ ጽሑፍ። ሴትየዋ ከመስከረም በኋላ እርዳታ እንደማያስፈልጋቸው በመስማቷ በጣም ደስ እንዳላት ትጽፋለች፣ እስከዛው የሚበቃውን ልካለች፣ ራሳችሁን ስለቻላችሁ እንኳን ደስ አላችሁ ትላለች፣ ለልጁ ደግሞ መልካም ዕድል። ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ ገባኝ። ጆሮዬ ሲግል ይሰማኛል፣ እሳቸው አፍ አፌን ያያሉ። «ምን አሉ ልጄ?»

ያኔ ማለት የነበረብኝ አባባ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሌላ ደብዳቤ ዛሬውኑ እጽፋለሁ ነበር። አንድ ገጽ ነው፣ የቴምብሩንም ከኪሴ እችል ነበር። ግን አለቃዬ እዛው ናቸው፣ ሌላ ደንበኛም ተራ ይጠብቃል። «ከመስከረም በኋላ አልችልም ብለዋል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «ይሁን፣ እስካሁን የረዱንን እግዜር ይስጣቸው» ብለው መቀነታቸውን ፈተው ሁለት ብር አወጡ። ተቀበልኳቸው።

የዛሬ ልጆች ሁሉን ስልካችሁን ትጠይቃላችሁ፣ ያወጣላችሁን ሳታነቡ ትልካላችሁ፣ ያናድደኛል እውነቱን ለመናገር። ግን ምን አፍ አለኝ፣ እኔም ከጀርባዬ ያለውን መጽሐፍ ዞር ብዬ አላየሁም፣ የናንተው ስልክ ቢኖረኝ ምናልባት አንቲሏን ያርምልኝ ነበር። ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፈረንጁ ስህተታችንን ገምቶ ይረዳናል፣ እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ አትሸማቀቁ። ለልጅቷም ይሄንኑ አልኳት፣ አንቲል ፍራይደይ ብላ የጻፈችውን ባይ አስደረግኳት። የሰው ደብዳቤ ስትጽፉ ግን የጻፋችሁትን መልሳችሁ በአማርኛ ለባለቤቱ ንገሩት፣ «ገንዘቡ እስከ መስከረም ብቻ ነው የሚያስፈልገን ብያለሁ» ብላቸው ኖሮ ሰውየው ከበርጩማው ይነሱ ነበር።

በዓመቱ ተመልሰው መጡ። ሲገቡ ሳያቸው ወደ ጓዳ ልገባ ቃጥቶኝ ነበር። ልጁ ጋራዥ እንዲቀጠር የሥራ ማመልከቻ ነው የፈለጉት፣ በአማርኛ። አሳምሬ፣ ሁለት ጊዜ ገልብጬ ጻፍኩላቸው፣ ሁለቱን ብር ሲዘረጉ ዛሬስ አልቀበልም አልኩ። ገረማቸው። ወረቀቱን አጥፈው ካፖርታቸው ኪስ ከከተቱ በኋላ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ አለቃዬ እየሰሙ፣ «አንተ ባትኖር ማን ይጽፍልን ነበር» አሉኝ።