«ታገኟታላችሁ» ብሎ የጻፈው ልጄ

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የ13 ዓመት ልጄ የክፍሉ ልጆች ባሉበት የስልክ ግሩፕ «ነገ ሁላችሁም ታገኟታላችሁ» ብሎ በመጻፉ ትምህርት ቤቱ ለሐሙስ ጠራን። ደብዳቤውን ያነበበልኝ እሱው ነው፤ «ቀላል ነገር ነው» አለኝ። ለካ ፖሊስም ይገኛል። አባቱ «አዲስ አበባ እንላከው» ይላል። ልጁ ከመስከረም ወዲህ ዝም ብሏል፤ ምሳ ዕቃው ሳይነካ ይመለሳል። እብድ ነው ብለው ይመዘግቡብኝ ይሆን?

መልስ፦ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንዎት። ሐሙስ በልጅዎ አፍ እንዳይነጋገሩ። ስለ ራሱ ጥፋት ለእናቱ እንዲያስተረጉም የተደረገ ልጅ ነገሩን ማሳነሱ አይቀርም። ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ፊትዎ ሲለወጥ ማየት ከብዶት ነው። በአሜሪካ ሕግ ትምህርት ቤቱ እንግሊዝኛ ለማይሆንላቸው ወላጆች በነጻ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ነገውኑ ደውለው «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ይበሉ። ሁለቱ ቃላት ይበቃሉ።

ስብሰባው ችሎት አይደለም። እንደ ፈረንጆቹ በ2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች በተኩስ ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ግዛቷ መጀመሪያ ኮሌጆችን፣ በ2013 ደግሞ የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን በሙሉ ስጋት የሚገመግም ቡድን እንዲያቋቁሙ በሕግ አስገደደች። ቡድኑ ውስጥ የምክር አገልግሎት፣ የማስተማር፣ የአስተዳደርና የሕግ ማስከበር ሙያ ያላቸው ሰዎች መኖር አለባቸው። ፖሊሱ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ሥራቸው በንዴት ያመለጠን ቃል ከታሰበበት ዛቻ መለየት ነው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዱዊ ኮርኔል ያዘጋጁት መመሪያም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ያመለጠ ቃል ከሆነ ልጁ ያስረዳል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። የታሰበበት ከሆነ ግን ክትትል ይመጣል፣ ፖሊስም ሊገባበት ይችላል። አላባብልዎትም። «ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?» ብለው ቢጠይቁዎት እውነቱን ይናገሩ። አባቱ ሽጉጥ ካለው ደግሞ ሐሙስን አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ይቆለፍ።

እብድ ብሎ የሚመዘግብ የለም። የተማሪ መዝገብ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው፤ እርስዎ አይተው ማረም ይጠይቁበታል እንጂ ጎረቤት አያወራበትም።

የአዲስ አበባውን ሐሳብ ለጊዜው ይተዉት። አባቱ ልጁን ማዳኑ ነው፣ ይገባኛል። በንዴት የተላከ ልጅ ግን ራሱን የሚያየው እንደተባረረ ነው። ዝምታውንም ሻንጣው ውስጥ ከቶት ይሄዳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ከመልእክቱ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ምሳ ዕቃው ነው። ከመስከረም ወዲህ ብለዋል። መልእክቱ የአንድ ቀን ነው፤ ይሄ የወራት። አብረውት የሚበሉት ምን አሉት? ከእነማን ጋር ነው የሚቀመጠው? ወይስ ብቻውን ነው? ሐሙስ እነሱ ጠይቀው ሲጨርሱ እርስዎም ይህንን ይጠይቁ፤ በዚያው ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ቀጠሮ ይያዙለት። «ብሞት ይሻለኛል» የሚል ነገር ከተናገረ ግን ቀጠሮ የለም። 988 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ላለበት ሰው የሚደርስ የስልክ መስመር ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፤ ያኔውኑ ይደውሉ።

እስከዚያው ራት ላይ ፊት ለፊት አስቀምጠው አይመርምሩት። የ13 ዓመት ልጅ መኪና ውስጥ ይሻለዋል፤ ሁለታችሁም መንገዱን ነው የምታዩት። ስለ መልእክቱ አይጀምሩ። «ምሳህን የማትበላው ለምንድን ነው?» ይበሉትና ሬዲዮኑን ያጥፉ።