ሦስተኛውን ከረጢት አትግዛ

ከዳላስ የጻፈልኝ አንባቢ ከአጎቱ ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጥተው ያገለገለ የዌክሰርፍ ጀልባ ገዝተዋል። ዌክሰርፍ ማለት ጀልባው በሚያስነሳው ማዕበል ላይ፣ ገመዱን ለቅቆ፣ በቦርድ መንሸራተት ነው። የ2008 ሞዴል ነው፣ 22 ጫማ፣ ሞተሩ ጀልባው ውስጥ፣ ፕሮፔለሩ ከጀልባው ሆድ ስር ያለ። ቅዳሜና እሁድ ቴክሶማ ሐይቅ ይወጣሉ። ጀልባው ከብዶ ማዕበሉ እንዲተልቅ ኋላ ግራና ቀኝ ያሉትን ባለ 400 ፓውንድ የፋብሪካ ታንኮች በውሃ ይሞላሉ። በዚያ ላይ በየጎኑ አንድ አንድ ባለ 750 ፓውንድ የውሃ ከረጢት ጨምረዋል። «ጋሼ፣ ማዕበሉ ከፍ ይላል፣ ግን አጭር ነው። ጫፉ አረፋ ብቻ ነው። ገመዱን ስለቀው ሦስት ሰከንድ ሳልቆይ ወደ ኋላ እቀራለሁ። ኋላ ሦስተኛ ከረጢት ብጨምር ይሻላል?» ይላል። የቀኙ ከረጢት ደግሞ መቼም ጢም ብሎ ሞልቶ አያውቅም።

አይሻልም ወንድሜ። ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ጀልባህ ክብደት አላነሰውም፤ ያለውም ክብደት ያለቦታው ነው የተቀመጠው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። 750 ፓውንድ ወደ 340 ኪሎ ነው። ሁለቱ ከረጢቶች 680 ኪሎ ሆኑ። ሁለቱ ታንኮች ሌላ 360 ኪሎ ገደማ ናቸው። ስድስቱ የአጎትህ ልጆች ደግሞ ሙዚቃውና ወሬው ያለው ኋላ ስለሆነ እዚያው ተደርድረው እንደሚቀመጡ ነግረኸኛል። በአማካይ 75 ኪሎ ብንላቸው 450 ኪሎ። ድምሩ 15 ኩንታል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሁሉም ኋላ! ፊት ያለው የመጠጥ ማቀዝቀዣው ብቻ ነው።

አገር ቤት አይሱዙ ሲጫን ያየ ሰው ይህን ወዲያው ይገባዋል። ጭነቱ ኋላ ብቻ ሲከመር የመኪናው አፍንጫ ይነሳል። ጀልባም እንደዚያው ነው። ሲሄድ ውሃውን ወደ ጎን ገፍቶ ከኋላው ጉድጓድ ይከፍታል። ውሃው ጉድጓዱን ሊሞላ ከሁለት በኩል ሲመለስ ማዕበሉ ይወለዳል። አፍንጫው ሽቅብ ከሆነ ውሃው ውስጥ የሚቀረው የጀልባው ቂጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ጥልቅና አጭር ይሆናል። ማዕበሉም ቀጥ ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ግን ሁለት እርምጃ የማያስኬድ ይሆናል። አፍንጫውን ትንሽ ዝቅ ስታደርገው የሆዱ ርዝመት ውሃ ይነካል፣ ማዕበሉም ይረዝማል። አንተን ወደ ፊት የሚገፋህ ያ ርዝመት ነው። ከኋላ የሚመጣው ቁመት ለፎቶ ያምራል፣ ግን ብቻውን ሰው አይገፋም።

አረፋው ሌላ ምክንያት አለው። ሁለቱንም ጎን እኩል ገደማ ሞልተሃል። ከግራና ከቀኝ የሚመለሰው ውሃ እኩል መሀል ላይ ሲጋጭ ሁለቱም ማዕበሎች ጫፋቸው ይፈርሳል። ለዌክሰርፍ የምትፈልገው አንድ ንጹሕ ጎን ነው። ጀልባ ሠሪው ማሊቡ ለ2013 ሞዴል ሰርፍ ጌት የሚባለውን ካመጣ ወዲህ አዳዲሶቹ ጀልባዎች ይህን በመዝጊያ ነው የሚሠሩት። መዝጊያው በአንዱ ጎን የሚመለሰውን ውሃ ስለሚያዘገየው ጀልባው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ለዚህ ነው ኢንተርኔት ላይ «ሁለቱንም ጎን እኩል ሙላ» የሚሉህ። ለእነሱ ልክ ነው። ያንተ የ2008 ጀልባ ግን መዝጊያ የለውም። እሱ ማጋደል አለበት፣ ልክ ጭነቷ እንደ ዘመመ አህያ።

ወደ የትኛው ጎን? ቦርዱ ላይ ስትቆም ግራ እግርህ ከፊት ከሆነ ማዕበሉን በግራ ሥራው። ቀኝ እግርህ ከፊት ከሆነ በቀኝ። ደረትህ ወደ ማዕበሉ እንዲዞር ነው። ከመልእክትህ እንደገባኝ ግራህ ነው የሚቀድመው፣ ስለዚህ በግራ ልሂድ።

የግራውን ታንክና የግራውን ከረጢት ጢም አድርገህ ሙላ። የቀኙን ታንክና ከረጢት ባዶ አድርግ። አዎ፣ ባዶ። ከዚያ ባዶውን የቀኝ ከረጢት ከጓዳው አውጥተህ አስቀምጠውና ፊት ላይ ከ150 እስከ 200 ኪሎ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ተጠቀም። ትልቁን ፊት ወስጄ ግማሹን ልሙላው እንዳትል። ግማሽ የሞላ ከረጢት ውስጥ ያለው ውሃ ጀልባው በዞረ ቁጥር ተንሸራትቶ ወደ ዘመመበት ይሄዳል። ከረጢት ወይ ሙሉ ወይ ባዶ። ትንሹን እስክታገኝ ድረስ ደግሞ ከሁሉ የሚረክሰውን ባላስት (ጀልባን ማክበጃ ጭነት) ተጠቀም፤ ከአጎትህ ልጆች ሁለቱን ፊት ላክ፣ የቀሩትን በግራ በኩል አስቀምጥ። ቅር ይላቸዋል። አንተ ግን ማዕበሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሲለወጥ ታያለህ።

ሙከራውን ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ ቢያንስ 20 ጫማ ጥልቀት ባለበት ቦታ አድርግ። ውሃው ከሳሳ የፈለግከውን ብትጭን ማዕበሉ አያምርም። ፍጥነትህን በስልክ ጂፒኤስ ለካ፤ የቆየ ጀልባ የፍጥነት ጌጅ ሲጫንና ሲዘም ይዋሻል። በሰዓት 9.5 ማይል ነው የምንሄደው ብለሃል፣ ያ ዝግ ይላል። ከ10.5 ጀምርና በ0.2 በ0.2 እየጨመርክ እስከ 11.5 ሞክር። ፍጥነት ስትጨምር ማዕበሉ ዝቅ ይላል፣ ግን ይረዝማል፣ ይጠራልም።

አንድ ጊዜ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለውጥ። ይህን ስንት ሰው ነገርኩ! ሰዉ ክብደቱንም ፍጥነቱንም ሹፌሩንም በአንድ ዙር ይለውጥና የትኛው እንደሠራ ሳያውቅ ይመለሳል። ማስታወሻ ያዝ። ጫፉ አሁንም አረፋ ካለው መጀመሪያ ፍጥነት ጨምር፣ ካልጠራ ወደ ግራ የሚያጋድለውን ክብደት ጨምር። ንጹሕ ሆኖ ካልገፋህ ሃምሳ ኪሎ ወደ ፊት አሳልፍ። ረዥም ሆኖ ለስላሳና ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ፊት አብዝተሃል፣ መልስ። ሹፌሩ በቀኝ ስለሚቀመጥ እሱም በኪሎው ልክ ማጋደሉን እንደሚቀንስ አትርሳ። እኔ ጋ የሚመጣ አንድ ደንበኛ ማዕበሉ የሚበላሸው ወንድሙ ሲነዳ ብቻ እንደሆነ የደረሰበት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ወንድምየው 120 ኪሎ ነው።

ማጋደሉ የማይመችህ ከሆነ በመምጠጫ ጎማ ከጀልባው ጎን የሚለጠፍ ሼፐር አለ። ለግራ ማዕበል በቀኝ በኩል፣ ኋላ ጥግ ላይ ይለጠፋል። የአዳዲሶቹን መዝጊያ ሥራ በርካሽ ይሠራል። እሱን ካደረግህ ጀልባውን እንደገና እኩል ሙላ። ሁለቱን አንድ ላይ አትጠቀም።

አሁን ወደማይሞላው ከረጢት። ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ምክንያቱ ከረጢቱ ውስጥ የታሰረ አየር ነው ብዬ እወራረዳለሁ። የአየር መውጫው ቀዳዳ ከረጢቱ ላይ ከሁሉም ከፍ ያለው ቦታ መሆን አለበት። ጓዳ ውስጥ ተጣጥፎ ከተኛ አየሩ ጥግ ላይ ይቀራል፣ ፓምፑም የሞላ ይመስለዋል። አውጣና ዘርግተህ መልሰው፣ ቱቦው የትም ቦታ እንዳልታጠፈ በእጅህ ዳስስ። ካልሆነ ከጀልባው ሆድ ስር ያለውን የውሃ መግቢያ ተመልከት፤ ሳርና ጭቃ ይዘጋዋል። ከዚያ ቀጥሎ ፓምፑን ክፈት። ውስጡ ኢምፔለር የሚባል ባለ ክንፍ ጎማ ካለው፣ ክንፎቹ ታጥፈው ደርቀው ወይም ተሰንጥቀው ታገኛቸዋለህ። ያለ ውሃ ደርቆ ከዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ነው የሚቃጠለው። እኔ በየዓመቱ ነው የምለውጠው፣ ዋጋው ቀላል ነው። አንድ ነገር ደግሞ፦ እየሄዳችሁ ነው የምትሞሉት? ቁሙና ሙሉ። አንዳንዱ ፓምፕ ጀልባው ሲሄድ አየር ይስባል።

ፊት ክብደት ጨምር ስልህ ግን አንድ ነገር ልንገርህ፣ በራሴ ስለደረሰ። ከዓመታት በፊት ሐምሌ ላይ ፊት 300 ኪሎ ጭኜ ሦስት ልጆች እዚያው አስቀመጥኩ። ማዕበሉ ተአምር ነበር። ኋላ ያለው ሰው ሲወድቅ ጋዙን ድንገት ለቀቅኩት። አፍንጫው ወደ ታች ዘፍ አለ፣ የራሳችን ማዕበል ደረሰብን፣ ውሃው በፊት በኩል ዘሎ ገባ። ልጆቹ እስከ ወገባቸው ረጠቡ፣ ስልኬም እዚያው ሞተ። የላይፍ ጃኬት ለብሰው ነበር፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ ሰው ሲወድቅ ጋዙን ቀስ ብለህ ቀንስ፣ ቀስ ብለህ ዙር። የጀልባው የአቅም ሰሌዳ ላይ ያለውን የሰውና የኪሎ ገደብ አንብብ፤ ባላስቱ በገደቡ ውስጥ ይቆጠር አይቆጠር የጀልባው መመሪያ ላይ ተመልከት። ከረጢት ቢፈነዳ 340 ኪሎ ውሃ ወለሉ ስር ነው የሚፈሰው፣ ስለዚህ የሚያወጣው ፓምፕ መሥራቱን ከመነሳትህ በፊት ፈትሽ። ኋላ የሚንሸራተተው ሰው ለጭስ ማውጫው ቅርብ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ራሴን አመመኝ ያለ ሰው ካለ ሞተሩን አጥፉ።

ቴክሳስ ውስጥ ሕጉ ከዳርቻና ከሌላ ጀልባ 50 ጫማ ውስጥ ቀስ ብለህ እንድትሄድ ያስገድዳል። ለዚህ ማዕበል ግን 50 ጫማ ምንም አይደለም። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በ2022 ባወጣው ጥናት የዌክሰርፍ ጀልባ ከዳርቻ ከ500 ጫማ በላይ እንዲርቅ መክሯል። ቴክሶማ ሰፊ ሐይቅ ነው፣ ወደ መሀል ግባ። ዳር ላይ ጀልባውን ያሰረ ሰው ያመሰግንሃል።

ስትወጣ ደግሞ ታንኮቹንም ከረጢቶቹንም እዚያው መውጫው ላይ ባዶ አድርግ። ዜብራ መስል የምትባለው ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ ፍጥረት በቴክሳስ መጀመሪያ የተገኘችው በ2009 ቴክሶማ ላይ ነው። ጫጩቶቿ በዓይን አይታዩም፣ ከረጢት ግርጌ በቀረች ውሃ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሻገራሉ። ከ2014 ወዲህ በመላው ቴክሳስ ውሃውን አንጠፍጥፎ መውጣት ግዴታ ነው። ፓምፑ መጨረሻ ላይ ሲያንኮራፋ ባዶ ሆነ ብለህ አትመን። ከረጢቱን ከአንድ ጫፍ ጠቅልለው፣ ሌላ አንድ ባልዲ ይወጣዋል።