ጎረቤቴን ባንዲራውን እንዲያወርድ ማስገደድ ይቻላል ወይ ላልከው

ከተማው አያስገድደውም። የኮንፌዴሬት ባንዲራውን፣ ማለትም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች ባንዲራ፣ የሰቀለው በገዛ ግቢው ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ፣ ማለትም የመናገር ነፃነትን የሚጠብቀው ድንጋጌ፣ ይከላከልለታል፣ ቢያንገሸግሽህም።

«ሳውዝ ካሮላይና ከልክላው የለም እንዴ?» ብለሃል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 የወረደው በግዛቱ ምክር ቤት ግቢ የነበረው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ወር በግዛቱ ከተማ በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ 9 ጥቁር ምእመናን ከዚሁ ባንዲራ ጋር ፎቶ በተነሳ ነጭ ዘረኛ ባይገደሉ ኖሮ እሱም የሚነካ አይመስለኝም። መንግሥት የሚያዘው በራሱ ምሰሶ ላይ ነው፤ የሰው በረንዳ ሌላ ጉዳይ ነው።

አንድ ቀዳዳ አለ። ሰፈራችሁ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ካለው ደንቡን አንብብ። ማኅበሩ መንግሥት ሳይሆን የግል ስለሆነ ማሻሻያው አያስረውም፤ ሊከለክል ይችላል።

ብቻ በማታ ሄደህ እንዳታወርደው! እኛ ሰፈር አንዱ ጎረምሳ ሞክሮት የበር ካሜራ ቀረጸው። የተከሰሰው እሱ ነው።