የሎጎው ዊድዝና ሃይት ሲጨምር ስዕሉ ለምን አያድግም?

ሰላም ወንድሜ። ያልከው ሁለት ነገር ነው፦ የኤስቪጂ (በኮድ የሚጻፍ የስዕል ፋይል) ሎጎህን ዊድዝና ሃይት (ስፋትና ቁመት) ከ200 ወደ 400 ብታደርገውም ስዕሉ ግራ ላይኛው ጥግ ላይ እንዳለ ቀረ፤ ስኬል 2 (በ2 የሚያሳድግ ትዕዛዝ) ስትሰጠው ደግሞ አደገ፣ ግን ወደ ቀኝና ወደ ታች ሸሸ።

የመጀመሪያው ቪውቦክስ (የትኛው የስዕሉ ክልል ቦታው ላይ እንደሚዘረጋ የሚናገር ቅንብር) ስለሌለው ነው። ዊድዝና ሃይት የሚወስኑት ስዕሉ ገጹ ላይ የሚይዘውን ቦታ ብቻ ነው። ቪውቦክስ ከሌለ ስዕሉ ውስጥ ያለው 1 ቁጥር እንደ 1 ፒክስል ስለሚቆጠር፣ ቦታውን ስታሰፋ ትርፍ ባዶ ታገኛለህ፣ ስታጠበው ይቆረጥብሃል። የኤስቪጂው መክፈቻ ታግ ላይ ቪውቦክስ 0 0 200 200 ብለህ ጨምር። ሁለቱ መጀመሪያ ያሉት የኤክስና የዋይ መነሻ ናቸው፣ ቀጣዮቹ ስፋትና ቁመት። ያኔ 200ው በ400 ፒክስል ላይ ስለሚዘረጋ ሁሉም ነገር በ2 ይባዛል።

ቪውቦክስን በእንግሊዝኛ ስትጽፈው የ"ቦክስ" መጀመሪያ "ቢ"ዋ ካፒታል ትሁን። ኤችቲኤምኤል ውስጥ በቀጥታ ከጻፍከው ብራውዘሩ ራሱ ያስተካክልልሃል፤ ለብቻው ባለ የኤስቪጂ ፋይል ውስጥ ወይም በጃቫስክሪፕት ሴትአትሪቢዩት (ቅንብር የሚሰጥ ትዕዛዝ) በትንሿ "ቢ" ከሰጠኸው ግን ስህተት እንኳ ሳያሳይ ያልፈዋል። ብዙ ሰው ሰዓት የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው።

ስዕልህ ከ0 የሚጀምር መሆኑንም አትገምት፣ ለካው። የብራውዘሩ ኮንሶል (ትዕዛዝ መጻፊያ) ላይ ኤስቪጂውን ይዘህ ጌትቢቦክስን (የስዕሉን መነሻና መጠን የሚመልስ ትዕዛዝ) ጥራ። ለምሳሌ 12፣ 20፣ 160፣ 160 ቢመልስልህ፣ ይህ ልኬት የስትሮኩን (የቅርጹን ጠርዝ መስመር) ውፍረት አይጨምርም። ስትሮኩ 8 ከሆነ ግማሹ ማለትም 4 ከቅርጹ ጠርዝ ውጭ ስለሚወጣ፣ ቪውቦክሱን 8 16 168 168 አድርገው። ጠርዙ የተላጨ የሚመስል ሎጎ ካየህ በአብዛኛው ይቺ ግማሽ ተረስታ ነው።

የቪውቦክሱና የቦታው ምጥጥን ካልተመሳሰለስ? 200 በ100 የሆነ ስዕል 400 በ400 ቦታ ላይ ብታስገባ፣ አንዱ ማባዣ 2 ሌላው 4 ይሆናል። ፕሪዘርቭአስፔክትሬሾ (ምጥጥኑ እንዴት እንደሚያዝ የሚወስን ቅንብር) ምንም ካልተባለ ትንሹን ይወስድና መሃል ያስቀምጠዋል፤ ከላይም ከታችም 100 ፒክስል ባዶ ይቀራል። ስላይስ ካልከው ትልቁን ይወስዳል፣ ከግራና ከቀኝ 200፣ 200 ፒክስል ይቆረጣል። ነን ካልከው ሁለቱንም ለየብቻ ይጠቀማል፣ ክቡ እንቁላል ይሆናል። ለሎጎ ነንን ባትነካው ይሻላል።

አሁን ወደ ስኬሉ። ስኬል የሚያባዛው መጠኑን ብቻ ሳይሆን አቀማመጡንም ነው፣ መነሻው ደግሞ 0፣0 ነው። ማዕከሉ 100፣100 የነበረ ክብ 200፣200 ላይ ይሄዳል። ዋይ በኤስቪጂ ወደ ታች ስለሚጨምር ነው ወደ ታች የሸሸብህ። ባለበት እንዲያድግ ትራንስፎርሙን (የቅርጹን ለውጥ የሚሰጥ ቅንብር) ትራንስሌት (ማንቀሳቀሻ) 100 100፣ ከዚያ ስኬል 2፣ ከዚያ ትራንስሌት -100 -100 ብለህ በዚሁ ቅደም ተከተል ጻፈው። ሥራ ላይ የሚውለው ከቀኝ ጀምሮ ነው፦ መጀመሪያ ማዕከሉን ወደ 0 ያመጣል፣ ያሳድጋል፣ ይመልሰዋል። ቅደም ተከተሉን ካዛባህ ሌላ ቦታ ታገኘዋለህ። በሲኤስኤስ (የገጽ ማስዋቢያ ቋንቋ) የምትሠራ ከሆነ ትራንስፎርም-ቦክስን ፊል-ቦክስ፣ ትራንስፎርም-ኦሪጅንን ሴንተር ማድረግ ይበቃል።

በሁለቱም መንገድ፣ በቪውቦክስም በስኬልም፣ ስትሮኩ አብሮ ይወፍራል። ለሎጎ ጥሩ ነው፣ ለካርታና ለግራፍ ግን አይሆንም፤ እዚያ ላይ ቬክተር-ኢፌክትን ነን-ስኬሊንግ-ስትሮክ አድርገው።