40 የነበረው 55 ገባ፣ እናትሽ ግን «ምንም ለውጥ የለኝም» ካሉ

እህቴ፣ ነገሩን እንደተረዳሁት እናትሽ የትከሻ ጅማታቸው ከተሰፋ አራት ወር ሆኗቸዋል። ኤኤስኢኤስ (ASES) በሚባለው የትከሻ መጠይቅ 40 የነበረው ውጤታቸው 55 ገብቷል፣ ሕመማቸውም ከ7 ወደ 4 ወርዷል። ሐኪሙ «በጣም ጥሩ ነው» አለ፣ እሳቸው ደግሞ «ኧረ ምንም ለውጥ የለኝም» ይላሉ። ማንን ልመን ነው ያልሽው።

እዚሁ አሜሪካ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ የሀበሻ እናቶችም በብዛት ይመጡልኛል። እኔ እናትሽን አምናለሁ። ሐኪሙም አልዋሸም።

መጠይቁ የሚታሰበው ከ100 ነው። ግማሹ፣ 50ው፣ ሕመም ብቻ ነው። ሕመሙ ከ10 አንድ በቀነሰ ቁጥር 5 ነጥብ ይጨመራል። ከ7 ወደ 4 ሲወርድ 15 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ከ40 እስከ 55ም ያው 15 ነው! ስለዚህ እጃቸው ምን መሥራት ይችላል የሚለው ሌላው ግማሽ በድምሩ ፈቀቅ አላለም። ሕመሙ ቀለል ብሏቸዋል፣ ነጠላቸውን ወደ ኋላ መጣል ግን አልቻሉም፤ «ለውጥ የለም» የሚሉሽ ይሄንን ነው።

ደግሞ ጥያቄዎቹን እያቸው። ኮት መልበስ፣ በታመመው ጎን መተኛት፣ ፀጉር ማበጠር ይልና አንዱ ላይ ኳስ ከራስ በላይ መወርወር ይችላሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እናቶቻችን እዚህ ጋ ሲደርሱ ይስቃሉ፣ ከዚያ ገምተው ይመልሳሉ። በሊጥ የተሞላ ጆግ ይዞ ክንድን ዘርግቶ ምጣድ ላይ ማዞርን የሚያነሳ ግን የለም፣ ለትከሻ እኮ ቀላል ሥራ አይደለም። ቅጹን አንቺ ነሽ ያስሞላሻቸው? ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ «ደህና ነኝ» ይበዛል። በሚቀጥለው ቀጠሮ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ ሆስፒታሎች በነፃ ያቀርባሉ።

15 ነጥብ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ በሽተኛው ራሱ «አዎ፣ ተሽሎኛል» የሚልበት ትንሹ ልዩነት ስንት ነው ብለው ያጠኑ አሉ። ነገር ግን አይስማሙም። ይህን ቀዶ ጥገና ያደረጉ ሰዎችን አይቶ በፈረንጆች 2019 የወጣው ጥናት 11 ገደማ አለ፣ በ2020 የወጣው ደግሞ 27 ገደማ። የእናትሽ 15 በአንዱ አልፏል፣ በሌላው ወድቋል። ሰው «አሁን ባለሁበት ረክቻለሁ» የሚልበት ነጥብ ደግሞ ሌላ ነው። ያው የ2019 ጥናት 87 አካባቢ አድርጎታል፣ እናትሽ ገና ሩቅ ናቸው። መሻልና መርካት ይለያያሉ፣ ሐኪሙ «ጥሩ ነው» ሲል የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ጠይቂው።

ግን አትደንግጪ። እነዚህ ቁጥሮች የተሰሉት ከቀዶ ጥገናው ዓመት ገደማ ከሞላቸው በሽተኞች ነው። እጅ በማንጠልጠያ ታስሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፣ ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር በኋላ ነው የሚጀመረው። በአራት ወር ሕመም ቀድሞ መቀነሱ፣ የክንድ ጉልበት ወደ ኋላ መቅረቱ የተለመደ ነው።

እስከዚያ እናትሽ ራሳቸው ሦስት ነገር ይምረጡ፤ ለምሳሌ ነጠላ መልበስ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ድስት ማውረድ፣ እንጀራ መጋገር። በየወሩ ከ10 ስንት እንደሚሰጡት ጻፊ። ለሐኪሙ ከ55ቱ ይልቅ ይሄን አሳዪው። ከወደቁ በኋላ እጃቸው ድንገት አልነሳ ካለ፣ ወይም ቁስሉ ቀልቶ ትኩሳት ከመጣ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ።

አንድ ነገር ደግሞ አይተሽ ንገሪኝ። ሐኪሙ እናትሽ እጃቸውን በራሳቸው እንዲያነሱ ከፈቀደላቸው፣ መጀመሪያ ብቻውን ያንሱት፣ ቀጥሎ በደህናው እጅ ደግፈው። ሲደገፍ ወጥቶ ብቻውን ካልወጣ ነገሩ የክንድ ጉልበት ማነስ ነው፣ ስፌቱም ይታይ። ተደግፎም እምቢ ካለ ትከሻው ደርቋል፣ የምንሠራውም ሌላ ነው። የትኛው እንደሆነ ጻፊልኝና እንቀጥላለን።