«ሞራ» ይበቃል፤ «ግርዶሽ» ለምን?

ከደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ አንዲት አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «እናቴ ቦሩ ሜዳ ሄዳ አይኗን ታከመች። ቤት ውስጥ ‹ሞራው ተገፈፈላት› እንላለን። የሰጧት ወረቀት ግን ‹የአይን ሞራ ግርዶሽ› ይላል። የቱ ነው ትክክል?»

እህቴ፣ እንኳን እናትዎ ለብርሃን በቁ።

ለእኔ ሞራ ብቻውን ይበቃል። በግ ሲታረድ ያየ ሰው ቃሉን ያውቀዋል፤ ጨጓራውን የሸፈነው ነጭ፣ መረብ የመሰለ ስብ ነው። ኦሮምኛም ሞራ ይለዋል። ልጅ ሆኜ ሞራውን ከአባቴ እጅ ተቀብዬ መስኮት ላይ እዘረጋው ነበር። ብርሃኑ ያልፋል፤ ውጭ የቆመው ሰው ግን ማን እንደሆነ አይለይም። በኋላ አያቴ «ሰው መምጣቱን አያለሁ፣ መልኩ ነው የጠፋኝ» ሲሉ ያ ሞራ ትዝ አለኝ። ቃሉን ያወጣው ሰው አይቶ ነው ያወጣው። ዓረቦች ደግሞ ውሃ ነው የታያቸው። ይህን በሽታ ነጭ ውሃ፣ ግላኮማ የሚባለውን ሌላውን የዓይን በሽታ ሰማያዊ ውሃ ይሉታል።

«ሞራ የሥጋ ቤት ቃል ነው፣ ለሕክምና አይመጥንም፤ ግርዶሽ ይታከልበት» የሚሉ አሉ። በፍጹም አልስማማም። ግርዶሽ ከ«ጋረደ» በ«-ኦሽ» የወጣ ነው፤ እንደ አባሮሽ፣ እንደ ድብብቆሽ። ድርጊትን ይጠራል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ጨረቃ መጥታ ፀሐይን ጋረደች፤ ላሊበላ ላይ ቀለበት ሠርታ አለፈች። ግርዶሽ ማለት ይሄ ነው። የዓይን ሞራ ግን መጥቶ የሚሄድ ነገር አይደለም። የደፈረሰው ራሱ የዓይኑ ሌንስ ነው። «ጥሎሽም እኮ -ኦሽ አለው፣ ግን የዕቃው ስም ሆኗል» ብሎ የሚሞግተኝ አይጠፋም። እውነቱን ነው። ቢሆንም ግርዶሽ ለጆሮዬ አልጥም ብሎኛል።

«ተገፈፈ»ም ቅር ይለኛል። የሚገፈፈው ከላይ ያለ ነገር ነው፦ ቆዳ፣ ልብስ። ሐኪሙ ግን ከብሌኑ (ግእዙ «ብንተ ዐይን» የሚለው፣ እንዴት ያለ ውብ ስም ነው!) በስተኋላ ያለውን የደፈረሰ ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል። እኔ ብሆን «ሞራው ወጣላት» እላለሁ። ግን ሞራ ከጨጓራ ላይ የሚነሳው ተገፍፎ ነው። ሕዝቡ ግሡን ከስሙ ጋር አብሮ ነው ያመጣው፤ በዚህ ልከራከረው አልችልም።

ወረቀቱም ቢሆን አልተሳሳተም። ሐኪሙም ነርሱም ሬዲዮውም «የዓይን ሞራ ግርዶሽ» ይላሉ። ተማሪ ፈተና ላይ ቢጽፈው አላርመውም። እርስዎ ግን ቤትዎ ውስጥ ሞራ ማለትዎን አይተዉ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ደብዳቤዎ ላይ «አይን» ብለው ጽፈዋል። ብዙ ሰው እንደዚያ እንደሚጽፍ አውቃለሁ። የግእዙ ፊደል ግን «ዐ» ነው፤ የፊደሉም ስም «ዐይን» ነው። ቢያንስ እሱን በራሱ ፊደል ይጻፉልኝ።